ሁለተኛው አግዳሚ

ዝናብ በቺሎኤ ደሴት እንግዳ አይደለም፤
ሲመጣ አያንኳኳም፣ ሲሄድ ደህና ዋሉ አይልም።
ከቆርቆሮው በላይ እሱ ያወራል፣
ከቆርቆሮው በታች ሃያ አንድ ልጅ ይጽፋል።
ይጽፋል አልኩ እንጂ፣ እርሳሱን ያኝካል፣
በመስኮት አሻግሮ ማዶውን ያያል፣
ቆይቶ ቆይቶም
«ባሕር በጣም ውብ ነው» ብሎ ያስረክባል።

ሃያ አንድ ወረቀት፣ ሃያ አንድ ውብ ባሕር፤
ጨው የማያቃጥል፣ መረብ የማይበጥስ፣ ጀልባ የማይሰብር።

«ለማን ነው የጻፋችሁት?» አልኳቸው።
«ለእርስዎ» አሉኝ በአንድ ድምፅ፤
ዓይናቸው ቀይ እስክሪብቶዬ ላይ ነው፣ እዚያው ነው ልባቸው።
ልክ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የልጆች አንባቢ እኔ፣
ከሰባት ስንት ብዬ የምሰፍር በሚዛኔ፣
እሑድ ማታ፣ ሾርባ በአንድ እጄ፣ እንቅልፍ በአንድ ዓይኔ።

በማግስቱ ቀዩን ቤት ትቼው መጣሁ።
«ወደቡ ላይ» አልኩ፣ «ባዶ ግድግዳ ለምኜ አገኘሁ፤
ጀልባ መጠበቂያው ውስጥ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው
ድንቹን፣ ልጁን፣ የጥርስ ሕመሙን ይዞ ነው፤
አያውቃችሁም፣ አይወዳችሁም፣ ዝናቡ ነው ያስጠለለው።
በመጀመሪያው መስመር ካልያዛችሁት
ጀልባው መጥቶ ይወስደዋል፤ በቃ፣ አጣችሁት።»

ሰሌዳው ላይ «በጣም»ን ጽፌ በመዳፌ አጠፋሁ፤
«ውብ»ንም አስከተልኩ። ባሕርን ግን ራርቼ አቆየሁ።

ሬሚሂዮ ሰባት ጊዜ ሰርዞ አንድ ዓረፍተ ነገር ተረፈው፣
ስለ በሰበሰ ድንች፤ ክፍሉን በሙሉ አፍንጫ ያስያዘው።
ኦርፌሊና የጎረቤቷን ውሻ ሌብነት ዘረዘረች፤
ጎረቤትየውም ጀልባ ይጠብቃል ሲሏት ስሙን ቀየረች፣
ጥቂት አሰብ አድርጋ
መልሳ ጻፈች።

ሊሳንድሮ ከኋላ ነው። ከመጋቢት ወዲህ አንድ መስመር አልሰጠኝም።
ያን ቀን ሰጠኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

«ሁለተኛው አግዳሚ ርጥብ ነው፤ ጣራው ያፈሳል።
አትቀመጡበት።
እናቴ የሄደች ጠዋት እዚያ ተቀምጣ ነበር።
ቀሚሷ ከኋላ ርሶ
ጀልባው ላይ ስትወጣ አየሁት።
አልነገርኳትም።»

አንድ ፊደል ተሳስቷል።
እጄ ወደ ኪሴ ሄደ።
ቀዩ ቤት ነው።

ሐሙስ ለጠፍነው። ሰኞ ስንሄድ ከሥሩ
በወፍራም እርሳስ፣ ከጽሕፈት የተጣሉ ፊደላት እየተገፋፉ ሠፍሩ፦
«ጣራውን ደፍኜዋለሁ። አግዳሚው ደርቋል። ትኬት ቆራጩ።»

ክፍሉ ጠረጴዛ ደበደበ፤ ሬሚሂዮ ዘለለ።
ሊሳንድሮ ብቻ ዝም አለ።
ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ
እሱ ወደ እኔ መጣ፤
«ማን ድፈነው አለው?» አለኝ በቁጣ፤
«አሁን እኮ ዋሾ ነኝ።»

መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ አስተምሬያለሁ፤
ጽሑፍ አግዳሚ ሲያደርቅ ምን እንደሚባል ግን ከየት አውቃለሁ?
«ታዲያ እንደገና...» ብዬ ሳልጨርስ
ወረቀት ከፊቴ መዝዞ
ቆሞ ይጽፍ ነበር፦

«ሁለተኛው አግዳሚ ደርቋል።
መቀመጥ ይቻላል።
ከትምህርት በኋላ እኔ አለሁበት፣
የአሥራ አንድ ሰዓቱ ጀልባ ሰው አራግፎ እስኪጨርስ።
ከጎኔ ቦታ አለ።»

ያው ፊደል እንደገና ተሳስቷል።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።